ደሴ ላይ አንዲት «ት» ብንጨምርባት

ኀሙስ፤ ኮምቦልቻ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ሲያራግፈን ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። ጉልበቴ አልታጠፍ አልዘረጋ ብሏል። አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀኛለች። አገላብጣ ስማኝ ሳትጨርስ «ምነው ከሳህ?» አለች። አክስቴ ሰው በርሜል አክሎ ቢመጣም ከሳህ ነው የምትለው።

«በል ንገረኝ፤ በሥራ ቀን ምን እግር ጣለህ?»

«ቁራ ልይ ብዬ ነው።»

ዝም ብላ አየችኝ። «አዲስ አበባ ቁራ አለቀ?»

አላለቀም። ነገሩ የተጀመረው በስልኬ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ስለ ሃዋይ ቁራ ሳነብ አነጋሁ። ሃዋይ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል የተበተኑ፣ ዳርቻቸው ዓመቱን ሙሉ የሚሞቅ ደሴቶች ናቸው። ከሁሉም በሚተልቀው ደሴት ላይ የራሱ የሆነ ቁራ ይኖር ነበር። የአገሩ ሰው «አላላ» ይለዋል። ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጥቁር ነው፤ ክንፉ ላይ ግን ወደ ቡናማ ያደላል። ማውና ሎዋ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ባለው ጫካ ፍሬ እየለቀመ፣ ዘሩን በኩሱ እየበተነ ይኖር ነበር። በአገሩ እምነት የሞቱ አያት ቅድመ አያቶች መንፈስ በአላላ ተመስሎ ቤተሰቡን ይጠብቃል።

በ2002 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹ ሁለት የዱር አላላዎች ጠፉ። የቀሩት በሰው እጅ የሚረቡት ብቻ ሆኑ። መቶ ምናምን ቢሆኑ ነው።

ያን ሌሊት የራሳችን ቁራ ትዝ አለኝ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ መጥረቢያ የሚመስለው ትልቁ ቁራ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ደሴ ስመጣ ድንጋይ የምወረውርበት ነው። ለካስ እሱም ከአፍሪካ ቀንድ ደጋ በስተቀር የትም የለም። የውጭ ሰው እሱን ሊያይ መነጽር አንጠልጥሎ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል። እኔ በድንጋይ ነበር የማውቀው።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ባጃጅ ውስጥ አስረዳኋት። «እሺ፣ መጀመሪያ ግን ምሳ» አለች።

ከምሳ በኋላ የአክስቴ ልጅ ቦርከና ወንዝ ዳር ወሰደኝ። ኅዳር ገና መግባቱ ነው። ውኃው ጎድሏል፤ ፀሐይዋ ግን አልጎደለችም። አምስት ደቂቃ ሳንቆም ቆሻሻ ክምር ላይ ሦስት ቁራዎች አረፉ።

«ይኸው ቁራህ! በል ነገ ተሳፈር» አለኝ የአክስቴ ልጅ።

የኔ ቁራ አልነበረም። እነዚህ ደረታቸው ነጭ ነው። ነጩ ደረታቸውን ሞልቶ፣ በትከሻቸው ዞሮ ማጅራታቸው ላይ ይገናኛል። ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ካናቴራ የለበሱ ይመስላሉ። ይህ ዓይነቱ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሞልቷል። ሰው ካለበት፣ ቆሻሻ ከተጣለበት አይታጣም። ሰውነቱ ቀለል ያለ፣ ምንቃሩም ልከኛ ነው። አንዱ የፌስታል ቋጠሮ በእግሩ ረግጦ ሲፈታ አየሁት። እኔ ያንን ቋጠሮ በጥርሴ ነበር የምቀድደው።

ማታ ቡና ተፈላ። ጎረቤታችን ሐጂ መጡ። የመጣሁበት ጉዳይ ቀድሞኝ ሰፈሩን አዳርሷል። ሐጂ አልሳቁብኝም።

«ቁራ እኮ አስተማሪያችን ነው» አሉ። «ቃቢል ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ሲጠፋው፣ አላህ ቁራ ልኮ መሬት እየጫረ አሳየው። መቅበርን የተማርነው ከሱ ነው።»

አክስቴ አወሉን እየቀዳች ተቀበለቻቸው። «ነቢዩ ኤልያስንስ ጠዋት ማታ እንጀራና ሥጋ እያመላለሰ የመገበው ማን ሆነና?»

«ኖኅ የላከው ግን ቀረ» አለ ልጇ።

«እሱማ ቀረ» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ደሴ መሄድህ ካልቀረ ቦሩ ሜዳ ብቅ በልና ሁለት ኪሎ ቅቤ ግዛልኝ። የዚህኛው ቅቤ ልቤን አላገኘውም። የቁራ መልእክተኛ እንዳትሆንብኝ ብቻ።»

አወልም፣ ቶናም፣ በረካም ጠጣሁ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጣሪያ ስቆጥር ቆየሁ።

ዓርብ፤ የጎፍና ሐረጎ

ጠዋት የጎፍ ጫካ ጥግ ድረስ ወጣን። የጎፍ ኮምቦልቻ ራስጌ የቆመ ተራራ ነው። ከሥሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከፍ ሲሉ ጥድና ወይራ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ተወልዶ አድጎ እዚህ የወጣው ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን መሀል መንገድ ላይ ነገረኝ። መንገዱን እንደማያውቀውም ያኔ ነው የነገረኝ።

ቁራ አላየንም። ሌላ እንግዳ ግን ገጠመን። አንድ ጥድ ውስጥ የሆነ ነገር ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይሮጣል። ጦጣ መስሎኝ ነበር። ወፍ ናት። አረንጓዴ፣ ጅራቷ ረዥም፣ ራሷ ላይ ጉትዬ ያላት፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ። ወፍ እንዲህ ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ድንገት ክንፏን ዘርግታ ወደ ማዶ ስትቀዝፍ ውስጡ ደም መሰለ። ያ ቀይ የብርሃን ጨዋታ አይደለም። መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። የዚህች ወፍ ወገኖች ከአፍሪካ ውጭ አይገኙም። እንደዚህ ዓይነት ቀለምም ከነሱ ውጭ ብዙ አይታወቅም።

«ለሷ ብትመጣ ይገባኝ ነበር» አለ የአክስቴ ልጅ። ትክክል ነው። እኔ ግን ለሷ አልመጣሁም።

ከሰዓት ሚኒባስ ያዝን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን መሄድ አይደለም፤ መውጣት ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ደሴ 2500። የሐረጎ ጠመዝማዛ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል። መስኮቱን ከፍቶ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ይዘጋል። ከኋላ የተቀመጡ እናት ከዘንቢላቸው ጋቢ አወጡ። ኮምቦልቻ ላይ በካናቴራ የተሳፈረው ጎረምሳ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ መሬት ነው ብለው ነበር በትምህርት ቤት ያስተማሩን። ለደጋ ወፍ ግን ተራራም ደሴት ነው። የከበበው ሙቀት ነው ልዩነቱ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ ብትወርዱ ባቲን አልፋችሁ አፋር ትገባላችሁ። ትልቁ ቁራ እዚያ አይወርድም። ከ1500 ሜትር በታች ብዙም አይታይም። የቅርብ ዘመዱ አንገተ ነጩ ቁራ ከኡጋንዳና ከኬንያ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይኖራል። እሱም ማጅራቱ ላይ ነጭ፣ ምንቃሩ ጫፍ ላይም ነጭ አለው። ቤተሰብ መሆናቸው ያስታውቃል። ግን አይገናኙም። በመካከላቸው የቱርካና ቆላ ተኝቷል። አንዱ ዘመድ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ቀርቶ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሌላ ሆኑ።

ይህንን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ከፊት ያሉት አዛውንት ዘወር አሉ። ለካስ ሲያዳምጡ ኖሯል።

«ምን ያደክምሃል ልጄ? ደሴ ላይ አንዲት ት ጨምርባት፤ ደሴት ትሆንልሃለች።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ሁለት ሳምንት ያነበብኩትን እሳቸው በአንድ ፊደል ጨረሱት።

ሐረጎ እኩሌታ ላይ ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ከፈነዳው አይሻልም። ረዳቱ ሌላ መኪና ሊያስቆም መንገድ ዳር ወጣ። የከፈልነው ይመለስ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ እንደተነሳ ቀረ። አርባ ደቂቃ ተገተርን። ለኔ ግን ሲሳይ ሆነልኝ። ገደሉ ላይ አምስት ስድስት ጥቁሮች ነፋስ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከሥር ለሚያያቸው ጅራት የላቸውም፤ የሆነ ሰው በመቀስ የቆረጣቸው ነው የሚመስሉት። ክንፋቸው ሰፊ፣ ጅራታቸው ድንክ። ይህ ደግሞ ሌላ የቁራ ዘር ነው። ገደል ወዳድ ነው። ነፋስ ላይ ይገለበጣል፣ ይወረወራል፣ እንደገና ይወጣል። ሥራ ይሁን ጨዋታ አልገባኝም። ጨዋታ ይመስለኛል።

በሁለት ቀን ሁለት ዓይነት ቁራ አየሁ። ሁለቱም የኔው አይደሉም።

ደሴ ስንገባ መሽቷል። ያደርንበት ቤት የሙቅ ውኃ ቧንቧ አለው። ሙቅ ውኃ ግን የለውም።

ቅዳሜ፤ ደሴ

በደሴ ብርድ ላይ ምንም አልጨምርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጦሳ እያየሁ ነበር። ተራራው ወገቡ ድረስ ጉም ለብሷል። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት።

ቁራ «ቋ» ይላል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። የዚህኛው ድምፅ ጉሮሮው የታመመ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ትንፋሽ የበዛበት። አንድ ጊዜ «ኽራአ»፣ ትንሽ ቆይቶ «ኽራአ»። ሳይንሱ ቁራን ከነዘመዶቹ ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው የሚመድበው። እነዚያ በጠዋት የሚያንቆረቁሩት ደቃቃ ወፎች ሁሉ የሱ ወገን ናቸው። በዚያ ሁሉ ወገን ውስጥ በትልቅነት የሚስተካከሉት ቢኖሩ አንድ ሁለት ናቸው። ትልቁ ዘማሪ ደግሞ ይህ ድምፅ ተሰጠው። መቼም የተወዳደሩበት ቀን አሞት መሆን አለበት።

ድምፁን ተከትለን አንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ደረስን። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰባት እርምጃ ብንራራቅ ነው።

እንግዲህ በደንብ ላየው ነው የመጣሁትና ልንገራችሁ። ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ዶሮ ያክላል፤ ግርማው ግን የዶሮ አይደለም። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ምንቃሩ ነው። ብቻውን ከ8 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከጎን ስታዩት እንደ መጥረቢያ ሰፊ ነው፤ የላይኛው ጀርባው ጎብጦ ወደ ታች ይወርዳል። ፊቱን ወደናንተ ሲያዞር ግን ያ ሁሉ ስፋት ይጠፋል፤ ቀጭን ቢላ ይሆናል። ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ዝሆን ጥርስ ይነጣል። ሰውነቱ ሰማያዊ ወዝ ያለው ጥቁር ነው። ጉሮሮውና የደረቱ አናት ላይ ወዙ ወደ ቡናማ ይዞራል፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ይመስላል። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ላባ አጭር ነው። ማጅራቱ ላይ ደግሞ ያ ነጭ አለ።

ነጩ ከአናቱ ጀርባ ወርዶ አንገቱ ላይ ያልቃል። ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። ሰው ኖራ ባለው እጁ ማጅራቱን የመታው ይመስላል።

«ይህ ነጭ ምንድን ነው ትላላችሁ?» ብዬ ሥጋ ቤት በር ላይ የቆሙትን ጠየቅኳቸው።

«ኮፍያ ነው፤ ሶላት ሊገባ ነው» አለ አንዱ።

«ኧረ ጥምጣም ነው! ቅዳሴ አርፍዶበት ነው የሚቸኩለው» አለ ሌላው።

ክርክሩ እዚያው በሳቅ አለቀ። ቁራው ግን የማንም አልሆነም። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጣሪያ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረና የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። ከተማው ውስጥ ከሁለቱም ቤት የሚበላ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ጅማት ቢጤ ወረወረ። ቁራው ቸኩሎ አልወረደም። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ውሻው ወዴት እንዳለ አየ። ከዚያ ዘሎ ወርዶ አነሳት። አልዋጣትም። አዝዋ ገደል ወዳለበት አቅጣጫ ይዟት በረረ። ሲበር ጅራቱ እንደ ሽብልቅ ነው፤ መሀሉ ረዝሞ ጎንና ጎኑ ያጥራል። ትናንት ሐረጎ ላይ ካየኋቸው ድንክ ጅራቶች ጋር በዚህ ይለያያሉ።

ለሳይንስ የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በ1836 እ.ኤ.አ.። በላቲን የሰጠው ስም «ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው። ሌላ ምን ሊለው ይችል ነበር? የኛ ሰው ግን ቁራ ብሎ አቆመ። ሦስቱንም ዓይነት፣ አራተኛም ቢመጣ፣ ቁራ ነው።

ማታ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ ስለ አላላ የቀረኝን አነበብኩ። የሃዋይ ደሴቶች ላይ ድሮ ትንኝ አልነበረም። በ1826 እ.ኤ.አ. አካባቢ በመርከብ ገባ። ኋላም በሱ የወፍ ወባ ተዛመተ። ድመትም መጣ፤ አይጥም መጣ፤ ጫካውም ተመነጠረ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ አላላዎችን ወደ ጫካቸው ሊመልሱ ሞከሩ። የአገሩ ጭልፊት ከነሱ ብዙ ገደለ። በ2020 የተረፉትን መልሰው ሰበሰቧቸው። በ2024 ደግሞ ያ ጭልፊት የሌለበት ማዊ የሚባል ጎረቤት ደሴት ላይ አምስት ወጣቶች ለቀቁ።

አንድ ቁራ ከጭልፊት መሸሽ ከናቱ ይማራል። በሰው እጅ ያደገው ከማን ይማር? ይህንን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ውሻ ሲጮህ ነቃሁ።

እሑድ፤ ቦሩ ሜዳ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ሰሜን ነው፤ ሚኒባስ ይዞ ሃያ ደቂቃ ምናምን። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ከዚያ ጉባኤ ወዲህ የወሎ ታሪክ ብዙ ተገልብጧል። እኔ ግን እንዳልኳችሁ በቁራ ነው የመጣሁት።

ሜዳው ስንዴና ገብስ ነው። ከፊሉ ታጭዷል፤ ከፊሉ ቆሟል። የታጨደው ላይ ከብት ተለቋል። አንድ የድንጋይ ካብ ተደግፌ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ «ቅቤ ልፈልግልህ?» ብሎኝ ነበር። «ቆይ፣ አብረን እንሄዳለን» አልኩት። ሄዶ ፀሐይ ላይ ተኛ።

ከብቶቹ ወደ ውኃው ሲወርዱ ሁለት ትልልቅ ቁራዎች መጡ። ጥንድ ይመስላሉ። አንዱ ትንሽ ያንሳል። መሬት ላይ አካሄዳቸው ያስቃል፤ ሹመት የተሰጠው ሰው በራሱ ግቢ ሲንጎራደድ ነው። ትልቁ እበት ጋ ደረሰና ቆመ።

እበቱ የትናንት ነው። ላዩ ቅርፊት አብጅቷል፤ ውስጡ እርጥብ ነው። ቁራው አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ያንን ስፋቱ መጥረቢያ የሚያክል ምንቃር ከዳር አስገባ። ከዚያ አጨደው። ሌላ ቃል የለኝም፤ አጨደው ነው የምለው። ምንቃሩን እንደ ማጭድ ወደ ቀኝ ጠረገ፤ ቅርፊቱ ተፈነጠረ። ወደ ግራ ጠረገ፤ ሌላው ተበተነ። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ እበት የነበረው ነገር መሬት ላይ እንደ ተሰጣ ብቅል ሆነ። አጎንብሶ አየው። ነጭ፣ ደንደን ያለ የጥንዚዛ ትል ለቀመ። ጫፉ ላይ አንጠልጥሎ ትንሽ ያዛት። አናቱን ወደ ላይ ወርወር አደረገ፤ ገባች። እንደገና ሌላ። ከአንድ እበት አራት ቆጠርኩ።

ምንቃሩ ለምን ከጎን ሰፊ፣ ከፊት ስስ እንደሆነ ትናንት ቆርቆሮ ሥር ቆሜ አልገባኝም ነበር። እዚህ የገባኝ መሰለኝ። አካፋም ነው፤ ማጭድም ነው። ምንቃሩ ወፍራም ጉጠት ቢሆን እበቱን ይወጋው ነበር እንጂ አይጠርገውም።

ሃዋይ ላይ አላላ ሌላ ዘዴ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አላላዎች እንጨት በምንቃራቸው ይዘው ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ምግብ ቆስቁሰው እንደሚያወጡ አሳየ። ማንም ሳያስተምራቸው። ኒው ካሌዶኒያ የምትባል የፓስፊክ ደሴት ላይም እንጨት ጠርቦ መሣሪያ የሚያበጅ ሌላ ቁራ አለ። የኛው መሣሪያ አላበጀም። መሣሪያውን ፊቱ ላይ ይዞት ነው የተወለደው።

በዚህ መሀል ከኋላዬ የአርጩሜ ድምፅ ሰማሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፤ ብርድ ልብሱን አጣፍቷል።

«ጋሼ፣ ከብት ጠፍቶብዎት ነው?»

«አይ፣ ቁራውን እያየሁ ነው።»

እበቱን አየ፤ እኔን አየ። «እሱማ ትል ነው የሚፈልግ። ሁልጊዜ ነው።»

«ስንዴውንስ አይነካባችሁም?»

«ይነካል እንጂ! የቆመውን ይቆርጣል። አባቴ ያባርሩታል። እበቱን ሲበትን ግን ዝም ይሉታል፤ ለማሳው ደግ ነው ይላሉ።» ትንሽ አሰበ። «እንቁላልም ይወስዳል። የዶሮ።»

«ጎጆው የት ነው?»

በአርጩሜው ማዶ ያለውን ገደል አሳየኝ። «እዚያ። እንጨት ይከምርበታል። አንዳንዱ ዛፍ ላይም ይሠራል። እኛ አንወጣም፤ ገደሉ ክፉ ነው።»

«ድንጋይ ትወረውርበታለህ?»

መልስ ሳይሰጠኝ ሳቀ። እኔም ስቄ ተውኩት። በዚህ ላይ የምገሥጽበት አፍ የለኝም።

ልጁ የነገረኝን ሳሰላስል ዋልኩ። ትል ይበላል፣ ስንዴ ይበላል፣ ጥንብ ይበላል፣ ጅማት ይበላል፣ እንቁላል ይሰርቃል። አላላ ጫካውን ሲያጣ መግቢያ አልነበረውም። ይኸኛው ጫካ ቢመነጠር እርሻ ገባ፤ ከተማ ቢሠራ ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። ለዚህ ነው እስካሁን ስጋት ላይ ካሉት ወፎች ዝርዝር ውስጥ የሌለው። የማይናቅ ችሎታ ነው። የደሴት ወፍ ሆኖ እንዲህ መሆን ብዙ የተለመደ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ደሴት ጫፍ አለው። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ቆላው ወደ ላይ ይወጣል። ከቦሩ ሜዳ በላይ ተራራ አለ፤ ከተራራው በላይ ግን ሰማይ ነው። ለአክስቴ ልጅ ይህንን ስነግረው አንድ ዓይኑን ገልጦ «አብሽር፣ ሥጋ ቤት አለለት» ብሎ መልሶ ተኛ።

ከሰዓት በኋላ ጥንዶቹ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ትንሿ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ትልቁ በዚያ በሚያስፈራ ምንቃር፣ ጫፉን ብቻ እየተጠቀመ፣ ነጩን ማጅራቷን ያበጥርላት ጀመር። አንዲት ላባ ይዞ ከሥሯ እስከ ጫፏ ቀስ ብሎ ይስባታል፤ ይለቃታል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዓይኗን ጨፍናለች። ጠዋት እበት ሲፈነጥርበት የነበረው ምንቃር ነው ይኼ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስል ባትሪው ሞቷል። ይሻላል፤ አየኋቸው።

ሚኒባስ የያዝነው ሊመሽ ሲል ነው።

ሰኞ፤ ቁልቁል

ጠዋት ሰኞ ገበያን በጨረፍታ አየሁት። ሰኞ ስለሆነ እግር መጣያ የለም። ቁራዎቹ በየጣሪያው ጫፍ ተሰልፈው ገበያው እስኪበተን ይጠብቃሉ። ገበያ ሲበተን ምን እንደሚተርፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አስራ አንድ ቆጥሬ ተውኩት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን ነጭ ማጅራት የት ላይ እንደማየው ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሐረጎ አናት ላይ አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነበር። ሁለት ጠመዝማዛ ዝቅ ብለን ሌላ አየሁ፤ አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ። ከዚያ ጆሮዬ ጷ ብሎ ተከፈተ። እናቶች ጋቢያቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ እስከ ታች ድረስ አላየሁም። ቦርከና ስንደርስ ባለነጭ ካናቴራዎቹ ቆሻሻው ላይ ነበሩ።

ለካስ ዳርቻውም ላይ ቆሜ ነበር። ባሕር ቢሆን እግሬን አርስ ነበር።

አክስቴ በር ላይ ተቀበለችን። ሐጂም አሉ፤ ቡናው ደርሷል።

«አገኘኸው?» አሉኝ ሐጂ።

«አገኘሁት። እንደ ማጭድ ነው የሚያጭደው…» ብዬ ጀመርኩ። ምንቃሩን በእጄ አሳየኋቸው። ማጅራቱን አሳየኋቸው። ጥንዶቹ ካብ ላይ እንዴት እንደተባበጠሩ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አክስቴም ሰማችኝ። ጨርሼ ስኒዬን ሳነሳ የያዝኩትን ቦርሳ አየች፤ ባዶውን የልጇን እጅ አየች።

«ቅቤውስ?»

የአክስቴ ልጅ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ስኒው።

«ሐጂ፣ አዩልኝ» አለች አክስቴ፣ «የኖኅን ነው የላክሁት።»